የድንጉላው ደም

ወረቀቱ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። የመኖ መኪናው ሹፌር ከከረጢቶቹ ጋር አብሮ አወረደው። እትዬ ካስማ ጋጣ እየጠረገች ስለነበረ እጇ ፋንድያ በፋንድያ ሆኗል፤ ፖስታውን በሁለት ጣቷ ጫፍ ተቀብላ ብብቷ ስር ወሸቀችና ቢሮ አደረሰችው። ውስጡ ምን እንዳለ ብታውቅ ኖሮ እዚያው ፋንድያው ውስጥ ትቀብረው ነበር። ወይም አትቀብረውም። ነገር መሸሽ አይሆንላትም።

ካስማ የወጣላት ስም ነው። ካስማ ፈረስ እንዳይሄድ መሬት ተመትቶ የሚታሰርበት እንጨት ነው፤ የእርባታው ሠራተኞች ይህን ያወጡላት አንድ ጊዜ ከያዘችው ነገር ንቅንቅ ስለማትል ነው። እሷም አልከፋትም። ካስማ ባይኖር ፈረሳችሁን በምን ታስሩት ነበር ትላቸዋለች። ትምህርቷ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። ፊደል ትለያለች፣ ቁጥር አሳምራ ታውቃለች፣ ረጅም ቃል ሲገጥማት ግን መሃሉ ላይ ይደክማታል። ፈረስ ማወቅ ከሆነ ሌላ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከፈረስ ጋር ኖራለች፤ ውጭ ቆማ ሳል ከሰማች የቱ ፈረስ እንደሳለ፣ አቧራ ይሁን ጉንፋን፣ ሳታይ ትናገራለች።

እርባታው ትልቅ አይደለም። አሥር ጋጣ፣ አንድ የመኖ መጋዘን፣ አንድ ማጠቢያ ክፍል፣ አንድ ቢሮ፣ በግንብ የታጠረ ሜዳ አለው። በአሥሩ ጋጣ ውስጥ ያልተኮላሸ ወንድ፣ ድንጉላ፣ አንድ ብቻ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ስላለው ቦራ ይሉታል። እናቱ በወለደችው በሦስተኛው ቀን ሞተችና እትዬ ካስማ በጡጦ አሳደገችው። ያን ጊዜ ከጋጣው ሳትወጣ ሁለት ሳምንት ከርማለች፤ ባሏ ልብስ እያመላለሰላት «እኔንስ በጡጦ የሚያጠባኝ ማን ነው?» ይላት ነበር። ቦራ አድጎ አምስት ዓመት ሞላውና ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባዝራ ጋር ተገናኘ። ጠባዩ ለስላሳ ነው። እንደ ሌላ ድንጉላ አይናከስም፣ በር አይረግጥም፤ ሲያሽካካ እንኳ አሳጥሮ ነው።

ሦስት ባዝራዎች ተሰጡት። ሦስት ወር ሞላ። አንዷም አልያዘች።

የእርባታው ሥራ አስኪያጅ፣ ሁሉም አለቃ የሚሉት፣ ከሲሚንቶ መጋዘን ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ወረቀት ይወዳል። ሲሚንቶ በቀጠሮ ገብቶ በቀጠሮ እንደሚወጣ ሁሉ ፈረስ የሚገናኘውም ዓርብ ዓርብ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት እንዲሆን ወስኖ፣ ፕሮግራሙን ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፏል። እትዬ ካስማ በመጀመሪያው ሳምንት ባዝራ ዓርብን አታውቅም ብላው ነበር። እሱ ሳቀና ማጣበቂያውን በመዳፉ ተጫነው።

ባዝራዎቹ አልይዝ ሲሉ ዶክተሯ መጣች። ዶክተሯ ለአምስት እርባታ አንድ የሆነች፣ ሁልጊዜ ቦት ጫማዋ ጭቃ የማያጣው፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። የቦራንና የሦስቱን ባዝራዎች ደም ቀዳች። ጓንቷ ደም ስለነካው ቱቦዎቹ ላይ ምልክት ያደረገችው እትዬ ካስማ ናት። ስም መጻፍ ስለሚያደክማት የራሷን ምልክት አደረገች፦ ለቦራ ነጥብ፣ ለባዝራዎቹ አንድ ሰረዝ፣ ሁለት ሰረዝ፣ ሦስት ሰረዝ። ዶክተሯም ምልክቱን እያየች ማስታወሻዋ ላይ ገለበጠችው። ይህ ከተደረገ ሁለት ሳምንት ሆነው።

እንግዲህ ሰኞ አለቃ ፖስታውን ቀደደ። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ሠራተኛውን ሁሉ ጠራ።

ወረቀቱ ላይ ሰንጠረዥ አለ፤ ከሰንጠረዡ ራስ ላይ በወፍራም ቀለም «የሴት ሆርሞን» ይላል። ከሱ ስር የአራቱ ፈረሶች ቁጥር ተደርድሯል። የሦስቱ ባዝራዎች ቁጥር አንድ ላይ ቢደመር የቦራን ሩብ አይሞላም።

መጀመሪያ የሳቀው ፈረስ ጫማ ሠሪው ነው፤ ሚስማር ይሉታል። «እኔ እኮ ብያለሁ» አለ። «እግሩን ሳነሳው እንደ ሙሽራ ነው የሚሰጠኝ።» ሌሎቹም ተከተሉት። አንዱ ከእንግዲህ ቦራ ሳይሆን እመቤት እንበለው አለ፤ ሌላው ኩል እንግዛለት አለ። እትዬ ካስማ አልሳቀችም። ቆሽቷ አረረ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን እሷም አይታዋለች። አጭር ቃል ስለሆነ አላደከማትም።

አለቃ ሌሎቹን አሰናብቶ እሷን አስቀራት። ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው አላት። ወይ ቱቦዎቹን አምታትታለች፣ ይህም የአንዷ ባዝራ ደም ነው፤ እንዲህ ከሆነ ደሙ እንደገና ይቀዳል፣ እሷ ግን ከእንግዲህ ቱቦም መድኃኒትም አትነካም፣ ሥራዋ አካፋና መጥረጊያ ይሆናል። ወይም አላምታታችም፤ እንዲህ ከሆነ ፈረሱ ለዘር አይሆንም። ሐሙስ ጠዋት ከጎረቤት እርባታ ረዳት ሐኪሙ መጥቶ ያኮላሸዋል፣ ከዚያም ለጋሪ ይሸጣል።

«የቱ ነው እትዬ?»

«አልተምታታም» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ? አንድ ቀን አስቢበት።»

«ነጥቡን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ነገ ብጠየቅም ነጥብ ነው።»

እዚያው ፊቷ ላይ ስልኩን አንስቶ ረዳት ሐኪሙን ለሐሙስ ሦስት ሰዓት ቀጠረው።

ማክሰኞ ሚስማር ማጠቢያ ክፍል ድረስ መጣ። እትዬ ካስማ የፈረስ ብርድ ልብስ እያጠበች ነበር፤ እርጥቡ ብርድ ልብስ ጥጃ ያክላል፣ እሷ አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ አስራ ሌላውን እያዞረች ብቻዋን ትጨምቀዋለች። ሚስማር አፉ ክፉ ይሁን እንጂ አንጀቱ ሌላ ነው። በሩ ላይ ተደግፎ አምታትቻለሁ በያቸውና ይለቅ አላት። ማን ይሞታል? ፈረሱ ይተርፋል፣ እሷም ለጥቂት ወር አካፋ ብትይዝ አካፋ አዲሷ አይደለም።

«ካስማ ሙች፣ የዚያ ፈረስ ቆለጥ አንቺ ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው» አላት።

ሳትወድ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ብርድ ልብሱን ለቃ ቆመች። ነገሩ ሳያጓጓት ቀርቶ አይደለም። ጠዋት ቦራን ስታበላው አፍንጫውን እንደ ልማዱ ብብቷ ስር ከቶ ነበር፤ ወደ ቢሮው በር ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። ግን አሰበችው። ደሙ እንደገና ቢቀዳ ያው ይወጣል፤ ነጥቡ ትክክል ነበራ። ውሸቱ ለቦራ ቢገዛለት ሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲያ ፈረሱም የለም፣ የእሷም ቃል የለም። «ይህ መድኃኒት ተሰጥቷል»፣ «ይህችኛዋ ዛሬ አልበላችም» ስትል ማን ያምናታል?

«አልልም» አለችው። «ደሙ የሱ ነው። የሱ ከሆነ ደግሞ ለምን የሱ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይኖራል።»

ዶክተሯ ጋ ደወለች፤ ስልኳ ጥሪ አይቀበልም። ከብት እያስከተበች በሌላ እርባታ እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ተገኘ። በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። እትዬ ካስማ ረቡዕ ጠዋት የእረፍት ቀኗን አስመዘገበች፤ ከቢሮው ጠረጴዛ ላይም ወረቀቱን አለቃ በዓይኑ እያየ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። መልሼ አመጣዋለሁ አለችው። እሱም ቀና ብሎ አያት እንጂ አልከለከላትም።

ዶክተሯን ያገኘቻት በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ማቀዝቀዣ፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ላይ የደረቀ ጓንት ተሰቅሏል። ልጅቱ ዳቦ በአንድ እጇ ይዛ ቆማ ትበላለች። ወረቀቱን ተቀብላ አየችና ፊቷ በራ።

«ይሄማ ግሩም ነው» አለች።

እትዬ ካስማ የሰማችውን አላመነችም። ነገ ሊያኮላሹት ነው ስትላት ዶክተሯ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ለምን ብላ ጠየቀች። እትዬ ካስማ ጣቷን በወፍራሙ ቀለም ላይ አሳረፈች፤ የሴት።

ልጅቱ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፣ እሷም ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ይህን ሆርሞን የሴት ያሉት መጀመሪያ የፈለጉት ሴት ላይ ስለሆነ ነው። ስሙ ቀድሞ ወጣ፣ እውቀቱ በኋላ መጣ። ይህን ነገር የድንጉላ ቆለጥ ራሱ ነው የሚሠራው። ካላረገዘች ባዝራ ይልቅ ድንጉላ ደም ውስጥ ይበዛል፤ ሽንቱ ውስጥማ ሞልቶ ይፈሳል። የተኮላሸ ፈረስ ብትመረምሪ ግን እዚህ ግባ የሚባል አታገኚም። አንድ ፈረስ በእርግጥ ተኮላሽቷል ወይስ ቆለጡ ሆዱ ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል የሚለውን የምንለየው በምን ይመስልሻል? በዚሁ ነው።»

እትዬ ካስማ ዶክተሯ ቸኩላ አንቺ ማለቷን ልብ ብላዋለች፤ ሌላ ቀን ቢሆን ዓይኗን ታፈጥባት ነበር። ዛሬ ግን የሰማችውን መልሳ መላልሳ ታገላብጠዋለች። «ታዲያ ይህ ወረቀት ወንድ አይደለም የሚለው ሳይሆን...» አለች።

«ወንድ ነው እያለ ነው የሚጮኸው» አለች ዶክተሯ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ አመስግኖ ወደ አውቶቡሱ ይሮጥ ነበር። እትዬ ካስማ ግን አልተነሳችም። አለቃ ለምን ቢላት ምን ትመልሳለች? ዶክተሯ አለች ብላ ብቻ? ለራሷም አልበቃትም።

«ልጄ፣ ይህን አመንኩሽ። ግን ወንድ ምን ያደርግለታል? ባዝራስ ጊዜዋ እንዲደርስ፣ ድንጉላ እንድትፈልግ፣ እሺ። ለሱ ምኑ ነው?»

ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። ውጭ የከብቶቹ ጩኸት ይሰማል፤ አንድ ሰው በሩ ላይ ብቅ ብሎ ተመልሷል። ቢሆንም ከቦርሳዋ ወፍራም መጽሐፍ አወጣችና ሥዕል ያለበትን ገጽ ገለጠች። ሁለት ክብ ሥዕሎች ጎን ለጎን ናቸው። በአንደኛው ውስጥ ነገር ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል፤ ሌላኛው ሰፍቶ፣ ተወጥሮ፣ ውስጡ ባዶ ነው።

ዘሩ ከቆለጥ ሲወጣ፣ አለች ዶክተሯ፣ ብቻውን አይወጣም፤ በብዙ ውሃ ውስጥ ሆኖ ነው። ያ ውሃ እንዳለ ቢሄድ ዘሩ ስስ ሆኖ ይቀራል፣ የትም አይደርስም። ስለዚህ ከክር የቀጠኑ ቱቦዎች ይቀበሉትና ውሃውን መጥጠው ወደ ሰውነቱ ይመልሱታል። ዘሩ ወፍሮ፣ ተሰብስቦ፣ ጉልበት እየገዛ ወደሚቆይበት ያልፋል። እነዚያን ቱቦዎች ምጠጡ የሚላቸው ይህ የሴት የተባለው ሆርሞን ነው። ሰዎች አይጦች ላይ ሞክረውታል፤ ወንዶቹ አይጦች ሰውነታቸው ይህን ትእዛዝ እንዳይሰማ ተደርገው ተወለዱ። ቆለጥ አላቸው፣ ወንድ የሚያሰኘው ሌላው ሆርሞንም አላቸው። ውሃው ግን የሚመጥጠው አጥቶ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ቆለጡን ወጠረው፣ ዘሩን አጥለቀለቀው። ግልገል የሚባል ነገር አላዩም።

«ባዶው ሥዕል የነሱ ነው» አለች።

እትዬ ካስማ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ብዙ አየችው። እጆቿ ሳታስበው አየር ላይ ተንቀሳቀሱ፤ አንዱ ቆመ፣ ሌላው ዞረ።

«የሚጨምቀው እሱ ነው በያ» አለች። «እኔ ብርድ ልብስ እንደምጨምቀው።»

ዶክተሯ ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ ሳቋን ተወችው። አምስት ዓመት ስማር እንዲህ ያለኝ ሰው የለም አለች። እትዬ ካስማ ግን ሙገሳውን አልሰማችውም። ስንት ሺህ ጊዜ የቦራን ሆድ አሽታለች፣ ጭኑን አጥባለች፤ እዚያው እጇ ስር፣ ከክር በቀጠነ ቦታ፣ ይህ ሁሉ ሥራ ቀንና ሌሊት ሲሠራ ኖሯል። ማንም ሳያዘው። ማንም ሳያመሰግነው። የሷና የባዝራዎቹ ነው ያሉት ነገር እሱም ዘንድ ገብቶ ያን ያህል ሙያ ይዟል። ልቧ ሞላ፤ የመጽሐፉን ገጽ በመዳፏ አስተካከለችው።

ከመለያየታቸው በፊት ዶክተሯ አንድ ነገር አስጠነቀቀቻት። ወረቀቱ ቆለጡ እየሠራ መሆኑን ይናገራል እንጂ ዘሩ ደህና ለመሆኑ ዋስ አይሆንም፤ እሱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ነገ አጉሊ መነጽሯን ይዛ ትመጣለች። ግን ከአምስት ሰዓት በፊት አትደርስም።

«የሚያኮላሹት ሦስት ሰዓት ነው» አለች እትዬ ካስማ።

«ለአለቃ ልደውልለት።»

«ደውይለት። ባይሰማሽም አምስት ሰዓት ድረስ እኔ አለሁ።»

ማታ ራት ላይ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሠርግ ላይ ከሙሽራዋ እናት ቀድሞ የሚያለቅስ፣ እቃ የሚያጥብ፣ የአምስት ልጆች አባት። ሚስማርና ጓደኞቹ እሱንም ሲያሾፉበት ኖረዋል። መጨረሻ ድረስ አዳመጣትና የኔም ይለካ ይሆን አላት። ያንተማ አምስቱም ትምህርት ቤት ገብተው ተመዝግበዋል አለችው። ከዚያ ሰሃኑን አነሳና፣ ነገ ጠዋት ወፍራም ሹራብሽን ልበሺ፣ ባልዲ ላይ ስትቀመጪ ይበርድሻል አላት። ባልዲ ላይ እንደምትቀመጥ ገና አልነገረችውም ነበር።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሲሆን የረዳት ሐኪሙ ሞተር ብስክሌት በሩ ላይ ቆሟል፤ ቢላውና ገመዱ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። እትዬ ካስማ የቦራ ጋጣ በር ስር ባልዲ ደፍታ፣ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ቦራ ከላይ አንገቱን አውጥቶ የሻሽዋን ጫፍ ያኝካል።

አለቃ ተነሽ አላት። ዶክተሯ ደውላለት እንደነበር፣ ነገር ግን ስልክ ወረቀት እንዳልሆነ ተናገረ። እሷም የሰማችውን አንድ በአንድ ነገረችው፦ ቆለጡን፣ ውሃውን፣ ቱቦውን፣ አይጦቹን፣ ብርድ ልብሱን። ሠራተኞቹ ተሰብስበው ያዳምጣሉ። አለቃ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው አላት። ከትናንት ወዲህ አለችው። ሰው ሳቀ፤ አለቃ ግን ጆሮው ቀላ።

«እትዬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምልሽ። ተነሽ።»

«ሞቼ እገኛለሁ። ሲሚንቶ ቢሆን እነሳልህ ነበር፤ ሲሚንቶ ቢሳሳቱበት ሌላ ይመጣል። ይሄ ከተቆረጠ አይቀጠልም። ሁለት ሰዓት ነው የጠየቅኩህ። አምስት ሰዓት ላይ ልክ ካልሆንኩ አካፋውን ራሴ አነሳለሁ፣ ገመዱንም እኔ እይዝልሃለሁ።»

አለቃ ረዳት ሐኪሙን ዞሮ አየው። ረዳት ሐኪሙ ጫማውን እያየ፣ ድንጉላ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ትምህርት ቤት የሰማሁ ይመስለኛል አለ፤ ብቻ ፈተና ላይ ስላልመጣ አልያዝኩትም አለ። ከዚያ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። ሚስማር መዶሻውን ኪሱ ከቶ ሌላ ባልዲ አመጣ፣ ደፋውና ከጎኗ ተቀመጠ። ፈረሱን እንደ ሙሽራ ነው ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ አሉት። «እኔ ነኝ» አለ። «ለዚህም ነው የተቀመጥኩት።»

አለቃ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ።

ዶክተሯ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሰች። አጉሊ መነጽሩን ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተከለችው። አንዷ ባዝራ የዚያን ቀን ድንጉላ እንደምትፈልግ ባዝራ ጭራዋን ወደ ጎን አድርጋ ቆማ ስለነበር ቦራ ብዙ አልተለመነም፤ ዶክተሯ የሚያስፈልጋትን በሞቀ ዕቃ ተቀበለች። እትዬ ካስማ ዕቃውን እንዳይቀዘቅዝ በሹራቧ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ ሜዳውን አቋረጠች። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ቀስ ብላ የሄደችበት ጊዜ የለም።

ዶክተሯ አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አደረገች፣ አጎንብሳ አየች።   ከዚያ ልጅቱ ከወንበሩ ተነስታ ቦታውን ለቀቀችላት።

«መጀመሪያ እርስዎ ይዩት» አለቻት። ዛሬ እርስዎ አለቻት።

እትዬ ካስማ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። መጀመሪያ የራሷን ሽፋሽፍት ብቻ ነው ያየችው። ቀጥሎ ብርሃን። ቀጥሎ ያ ብርሃን ተንቀሳቀሰ። ከዳር እስከ ዳር ሕይወት ሞልቶታል፤ ጭራቸውን እያወናጨፉ፣ እየተገፋፉ፣ እየተላለፉ፣ ሁሉም የሚደርስበት ቦታ ያለው ይመስል ይተማል። ጥቅጥቅ ያለ። ውሃ ያላጥለቀለቀው። ያ ከክር የቀጠነ ቱቦ ሥራውን ጨርሶ ያስረከበው።

«ጉድ በል» አለች ለራሷ፣ በሹክሹክታ። «ቦራዬ፣ ይሄን ሁሉ ይዘህ ነው እንዴ ዝም ያልከው?»

ሚስማር አየ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ረዳት ሐኪሙ አየ። መጨረሻ ላይ አለቃ መጣ። ብዙ አጎንብሶ ቆየ። ቀና ሲል ወረቀት የሚፈልግ ሰው አይመስልም ነበር። ታዲያ ባዝራዎቹ ለምን አልያዙም ብሎ ጠየቀ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ዶክተሯ የግንኙነት መዝገቡን አስመጥታ ከእትዬ ካስማ ጋር ተቀመጠች። እትዬ ካስማ እያንዳንዷ ባዝራ መቼ መቼ እንደፈለገች ቀኑን በቃሏ ታውቀዋለች። አንድ በአንድ ተመለከቱት። ከአሥራ ሦስቱ ዓርብ አሥራ አንዱ ላይ ባዝራዎቹ ጭራሽ አልፈለጉም፤ ታስረው ነው የቆሙት። በሁለቱ ዓርብ ደግሞ ገና መፈለግ በጀመሩበት ቀን ስለሆነ ዘሩ እንቁላሉ እስኪመጣ አልቆየም።  አለቃ ወደ ቢሮው ሄደ፤ ሲመለስ ከግድግዳው የገነጠለውን ፕሮግራም ይዞ ነበር። አጥፎ ለእትዬ ካስማ ሰጣት።

«ከእንግዲህ ቀኑን አንቺ ንገሪን» አላት። «እትዬ፣ ሰኞ ስጠይቅሽ አምታትቻለሁ ብትይኝ ኖሮ አምንሽ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አለችው።

ያቺ ጭራዋን ወደ ጎን ያደረገችው ባዝራ በዚያው ሳምንት፣ እትዬ ካስማ በመረጠችው ቀን፣ ከቦራ ጋር ተገናኘች። ሌሎቹም በየተራቸው። አሥራ ስድስት ቀን ሲሞላ ዶክተሯ የማኅፀን ምስል የሚያሳየውን መሣሪያዋን ይዛ ተመለሰች። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ መሃሉ ላይ አንዲት ጥቁር ክብ ነገር አለች፣ የወይን ፍሬ የምታክል። ዶክተሯ ጣቷን አሳረፈችባት። «ይዛለች» አለች። ሚስማር ጫማ ሲመታለት የነበረውን ፈረስ እግር ይዞ እንደቆመ ረስቶታል፤ ፈረሱም ትዕግሥቱ አልቆ ገፈተረው።

ዶክተሯ የሚቀጥለውን ወር የደም ምርመራ ልትሞላ አዲስ ቅጽ አወጣች። እዚያም ከቅጹ ራስ ላይ፣ በዚያው ወፍራም ቀለም፣ ያው «የሴት ሆርሞን» የሚል ጽሑፍ አለ። እትዬ ካስማ እጇን በሹራቧ ጠርጋ ብዕሩን ስጪኝ አለቻት። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ረጅሙን ቃል ትታ አጭሩን ፈለገችው፤ ሦስት ፊደል ነው። በላዩ ላይ አንድ መስመር ጎተተች፣ ደግማ ጎተተችው።

አለቃ ቅጹ የላብራቶሪው ነው፣ በሺህ የታተመ ነው አላት።

«እዚህ የሚመጣውን ሁሉ እሰርዘዋለሁ» አለች። ከዚያ ከሰረዘችው ቃል በላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ብዕሩን ተጭና የቦራን ነጥብ አደረገች።